ሬሳ የሌለው ለቅሶ

[ፒያሳ፣ እሑድ ረፋድ ላይ። ሁለት ሽማግሌዎች ኬክ ቤት ባንኮኒ ተደግፈው ማኪያቶ ይጠጣሉ። አንደኛው ስልኩን በሌላኛው አፍንጫ ሥር ደግኖበታል።]

ተስፋሁን፦ ሌላውን ሁሉ ተወው። የሻማውን ሥዕል ለምን አደረግህ?

ገብረክርስቶስ፦ አበባም አድርጌያለሁ እኮ።

ተስፋሁን፦ አበባውንም አይቼዋለሁ። እኔ የምለው፣ እንዲህ ባለ ነገር ሥር ሻማ ምን ይሠራል?

ገብረክርስቶስ፦ አበባ ብቻ ሲሆን ቀለለብኝ። የቅርብ ሰው ቢሆንስ ብዬ ሻማ ጨመርኩበት።

ተስፋሁን፦ የምን የቅርብ ሰው?

ገብረክርስቶስ፦ ሟቹ ነዋ።

[ተስፋሁን ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።]

ተስፋሁን ሰዓት ነጋዴ ነበር። ሰው ሁሉ ሰዓቱን ከስልኩ ማየት ከጀመረ ወዲህ ገበያው ሲሞትበት ሱቁን ዘጋና የተረፈውን ጊዜ ለማወቅ አዋለው። ስለ ኢንተርኔት፣ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ኩላሊት ጠጠር ቢጠይቁት መልስ አያጣም፤ ባይጠይቁትም አያጣም። ገብረክርስቶስ ደግሞ የባንክ ጡረተኛ ነው። በሥራ ዘመኑ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ሳያጣራ አይፈርምም ነበር። ይኸው አመሉ ወደ ጨዋታም ተከትሎት ስለመጣ፣ ቀልድ ሲነግሩት የሚስቀው የቀለደው ሰው ተሰናብቶ ከሄደ በኋላ ነው። ባልንጀርነታቸው ከልጅነት የመጣ ነው፤ እንዴት ሳይጣሉ እዚህ እንደደረሱ ግን እኔም ይገርመኛል።

ሁለቱም የአንድ እድር አባላት ናቸው። እድሩ ድሮ በጥሩምባ ነበር የሚጠራው። የሠፈሩ ቤቶች ፈርሰው ሰው ሲበተን ጥሩምባው የማይደርሰው ሰው ስለበዛ በቴሌግራም ግሩፕ ተተካ፤ ገብረክርስቶስም ጥሪ አስተላላፊ ሆነ። የእድሩ ግሩፕ ሕግ አንድ ነው፤ ሰው ካልሞተ ማንም አይጽፍበትም። አንድ ጊዜ አንዱ ለፋሲካ እንኳን አደረሳችሁ ብሎ የበግ ሥዕል ቢልክ፣ ግማሹ አባል ነጠላውን አዘቅዝቆ ከቤቱ ወጥቷል።

ተስፋሁን ይህን ሕግ ያውቃል፤ የማያውቀው ነገር የለም ብለናል። ሆኖም ከመስከረም ጀምሮ «የአራዳ ዘበኛ» ከሚባል ሌላ ግሩፕ ያገኘውን ሁሉ እያነሳ ወደ እድሩ ግሩፕ ሲልክ ከርሟል።

ተስፋሁን፦ ስማኝ ገብሬ። የሞተ ሰው የለም።

ገብረክርስቶስ፦ እንዴት አይኖርም? ራስህ ነህ የላክኸው። «አራዳ አለቀላት፤ በቁማችን ተቀበርን» ይላል።

ተስፋሁን፦ እሱ ፖለቲካ ነው።

ገብረክርስቶስ፦ እኔ እኮ ቀብሩ አመለጠኝ ብዬ የሰው ዓይን ማየት አፍሬ ሰነበትኩ።

[የኬክ ቤቱ ባለቤት ደብሪቱ ከቡና ማሽኑ ጀርባ አንገቷን ታወጣለች።]

ደብሪቱ፦ እኔም ነፍስ ይማር ብያለሁ።

ተስፋሁን፦ አንቺም?

ደብሪቱ፦ ታዲያስ ጋሽ ተስፋሁን፤ እርስዎ መርዶ ልከው እኔ ዝም ልበል?

ተስፋሁን፦ መርዶ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው። ከላዩ ላይ «ይህን ጉድ ተመልከቱ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ደብሪቱ፦ ሞትስ ጉድ አይደል?

ገብረክርስቶስ፦ የመርከቡስ?

ተስፋሁን፦ የምን መርከብ?

ገብረክርስቶስ፦ ኅዳር ላይ የላክኸው። «ድሮ ፒያሳ እንዲህ ነበረች፤ ማን ወሰደብን?» የሚለው። ፎቶው ላይ ከሕንፃው ጀርባ ትልቅ መርከብ ቆሟል።

ተስፋሁን፦ ፎቶው የሌላ አገር ከተማ ነዋ። ውሸታቸውን እንድታዩ ነው የላክሁት። ፒያሳ መቼ ባሕር ነበራት?

ገብረክርስቶስ፦ እኔ መርከቡ የሰጠመ መስሎኝ፣ ሕዝብ አልቋል ብዬ ሻማውን አንድ በአንድ ስደረድር ዋልኩ። ጣቴን አሞኝ ነበር።

ተስፋሁን ሁለተኛ ማኪያቶ አዘዘ። ሁለተኛ ማኪያቶ ሲያዝ ሊያስረዳ ነው ማለት ነው፤ ደብሪቱም ይህን ስለምታውቅ ሳህን ማጠቧን ቀጠለች። የአራዳ ዘበኛ ሲጀመር የድሮ ፎቶ መለጠፊያ እንደነበር አስረዳ። ቀጥሎ ከፒያሳው ድልድይ ማዶ፣ አፍንጮ በር ስለሚኖሩ ሰዎች ቀልድ መጣ፤ ማዶኛ እንዲህ ነው፣ ማዶኛ ታክሲ ውስጥ እንዲህ ያደርጋል የሚል የልጅ ጨዋታ። ሰው ሳቀ። ከዚያ «ቤታችን ሲፈርስ ማዶኞች የት ነበሩ?» የሚል ጥያቄ ተከተለ፤ ከጥያቄው ቀጥሎ ደግሞ መልሱ ራሱ መጣ፤ «ማዶኞች ይውጡ»። አፍንጮ በር፣ ለማያውቀው ሰው፣ ከዚህ ባንኮኒ ተነስቶ ለሚሄድ የማኪያቶው ጣዕም ከአፉ ሳይጠፋ የሚደርስበት ሠፈር ነው።

ገብረክርስቶስ፦ ማዶኞች ምን አደረጉ?

ተስፋሁን፦ ምንም።

ገብረክርስቶስ፦ ታዲያ ለምን ይወጣሉ?

ተስፋሁን፦ ምንም ያላደረገ ሰው ነው ለዚህ የሚመረጠው። ያደረገ ቢሆንማ ነገሩ ፍርድ ቤት ሄዶ ያልቅ ነበር።

ገብረክርስቶስ፦ እኛ ጋ ብቻ ነው ይህ ነገር?

ተስፋሁን፦ የትም ነው። አውሮፓ ቀኝ አክራሪ ይሏቸዋል። መጀመሪያ ስልክ ላይ ይቀልዳሉ። ብትቆጣ «ቀልድ አይገባህም» ይሉሃል። ቀጥለው «እኛ የጠየቅነው ጥያቄ ብቻ ነው» ይላሉ። በመጨረሻ ከረባት ያሰረ ሰው ብቅ ይልና «አነጋገራቸው ልክ ባይሆንም የሕዝቡ ስጋት ግን ልክ ነው» ይላል። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዘው ፓርላማ የገቡ አሉ።

ገብረክርስቶስ፦ እነሱም ጋ ድልድይ አለ?

ተስፋሁን፦ ድልድይ የሌለው አገር የለም።

ገብረክርስቶስ፦ እዚያስ ማዶኞቹ እነማን ናቸው?

ተስፋሁን፦ እኛ ነና።

[ገብረክርስቶስ ስኳሩን ማማሰል ያቆማል። ይህችኛዋ ቶሎ ገብታዋለች።]

ገብረክርስቶስ፦ ለመሆኑ ይህን ሁሉ ሰው ማን ሰበሰበው?

ተስፋሁን፦ አልጎሪዝም።

ገብረክርስቶስ፦ እሱ ደግሞ የእነማን ቤት ልጅ ነው?

ተስፋሁን፦ ሰው አይደለም፤ ስልኩ ውስጥ ያለ አሠራር ነው። ሰው የተሰበሰበበትን ያይና ሌላውንም እየጠራ እዚያው ያቆመዋል።

ደብሪቱ፦ እንደ ታክሲ ረዳት በሉኛ። ባዶ ታክሲ ይዞ «አንድ ሰው የቀረው» እያለ የሚጣራው።

ተስፋሁን፦ ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም። [ያስባል።] እንደዚያ ነው።

ገብረክርስቶስ በዚህ በቃው። ፖለቲካውን ለሚችሉት ትቶ፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ስለሚደረገው የእድሩ ጠቅላላ ስብሰባ ማውራት ጀመረ። ደስ ብሎታል። ሦስተኛው አጀንዳ «ከድልድይ ማዶ ያሉ አባላት ጉዳይ» ይላል። ታላቅ እህቱ ብርሃኔ የምትኖረው አፍንጮ በር ነው፤ ድልድዩን የተሻገረችው በሠርጓ ቀን ነበር። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ አልወለደችም፤ አሁን ጉልበቷ አልያዝ ብሏታል። እሱም አጀንዳውን እንዳየ ደውሎ፣ ለማዶ ሰዎች አውቶቡስ ሊመደብ ነው ብሎ አብስሯታል። ይህን ሲናገር ተስፋሁን ጉሮሮውን ጠረገ። ባልንጀራውን ይወደዋል፤ እንዲህ ያለ ነገር መንገር ደግሞ ስለ አልጎሪዝም እንደማስረዳት አይደለም።

ተስፋሁን፦ ገብሬ፣ አውቶቡስ አይደለም።

ገብረክርስቶስ፦ ሚኒባስም ይበቃል።

ተስፋሁን፦ ከአባልነት ሊሰርዟቸው ነው።

[ደብሪቱ ቧንቧውን ትዘጋለች።]

ነገሩ እንዲህ ነው። እንድሪያስ የሚባል ሰው ለወረዳው ምክር ቤት ይወዳደራል። መጀመሪያ ስለ አራዳ ዘበኛ ሲጠየቅ «ሥራ ፈቶች ናቸው» ብሎ አልፎ ነበር። ኋላ ግን ገብቶ ቢያይ የእድሩ ሰው በሙሉ እዚያ ተቀምጧል። ሽማግሌው፣ ባልቴቷ፣ ጨዋው ሁሉ፤ ያውም ዝም ብሎ፣ ረግቶ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንድሪያስ ከረባቱን አጥብቆ «የሕዝቡ ስጋት ልክ ነው» ማለት ያዘ። የእድሩ ኮሚቴም ከሕዝብ ላለመጣላት አጀንዳ አስያዘ፤ እጩውንም የክብር እንግዳ አድርጎ ጠራ።

ገብረክርስቶስ ስለ እንድሪያስ አንድም ነገር አልጠየቀም። እህቱን አሰበ። ብርሃኔ ሞትን አትፈራም፤ የምትፈራው ሰው ሳይቆምላት መቀበርን ነው። «የሚያነሳኝ እድሬ ነው» ትላለች ሁልጊዜ፣ ሌላው ስለ ልጁ እንደሚያወራው። ሽማግሌው እንባው መጣ፤ መነጽሩን ለመጥረግ ያወለቀ አስመሰለ።

ገብረክርስቶስ፦ ይህን የሚፈልገው ማን ነው?

ተስፋሁን፦ ሕዝቡ ነዋ። ይኸውልህ፣ የአራዳ ዘበኛ ውስጥ ከአራት መቶ ሰው በላይ አለ።

ገብረክርስቶስ፦ እስቲ አምጣው።

[መነጽሩን ያደርጋል። የባንክ ሠራተኛ ነበርና እያንዳንዱን ስም በጣቱ እየነካ ይወርዳል።]

ገብረክርስቶስ፦ ይሄ ሙኒር ነው። ይሄ ፍትዊ። ይቺ ዐፊፋ ናት፤ «አላህ ይርሐማቸው» ብላለች። ይሄ አጽብሐ ነው፤ «ድንኳኑ የት ነው የሚተከለው?» ብሎ ጠይቋል። እስካሁን የመለሰለት የለም።

ደብሪቱ፦ እኔም አለሁበት፤ ወረድ ብለው ይዩ።

ገብረክርስቶስ፦ ይቺ ደግሞ እትዬ ብርሃኔ ናት።

ተስፋሁን፦ የቷ ብርሃኔ?

ገብረክርስቶስ፦ የእኔዋ። [ያነባል።] «ጉልበቴ አልያዝ ብሎኝ በአካል ባልገኝም ኀዘናችሁ ኀዘኔ ነው።»

[ተስፋሁን ስልኩን ተቀብሎ ያያል። መልሶ ይሰጠዋል።]

ተስፋሁን፦ ማዶኞች ይውጡ በሚሉት ሥር ነው የጻፈችው?

ገብረክርስቶስ፦ ከሥሩ ነው። እንድሪያስ ሕዝብ ነው ብሎ የቆጠረው እሷንም ነው ማለት ነው?

ተስፋሁን፦ እሷንም።

ገብረክርስቶስ፦ አንተ መስከረም ላይ ስታገኘው ስንት ሰው ነበረበት?

ተስፋሁን፦ ያኔማ አሥር ቢሆኑ ነው።

ገብረክርስቶስ፦ የእኛ ሠፈር ሰው ነበረበት?

ተስፋሁን፦ የለም፤ ሁሉም ከሌላ ቦታ ናቸው። ፒያሳን መች ያውቋታል? መርከብ ያቆሙባት እኮ እነሱ ናቸው።

ገብረክርስቶስ፦ የቀረውስ በየት ገባ?

[ተስፋሁን ማኪያቶውን ያነሳል። አልቋል።]

ደብሪቱ፦ እርስዎ የላኩትን ስንነካ ነዋ የገባነው ጋሼ። እኔ ሌላ በር አላየሁም።

ተስፋሁን፦ እንድትጠነቀቁ ብዬ ነው።

ደብሪቱ፦ አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች አሉ።

ተስፋሁን ጆሮው ጋለ። ለዚህ ሰው መሳሳት እንግዳ ነገር ነው፤ ሲመጣበት የት እንደሚያስቀምጠው አያውቅም። በልቡ ከመስከረም ጀምሮ የላካቸውን አንድ በአንድ አስታወሳቸው። ሲልክ እንዴት ደስ ይለው እንደነበርም ትዝ አለው፤ እኔ አይቻለሁ፣ እናንተ አላያችሁም የሚል ደስታ። ዝም አይነቅዝም ያሉት አባቶች ስልክ ሳይኖራቸው ይህን ማወቃቸው አናደደው። እንደማንኛውም የተናደደ ሰው ጥፋቱን የሚጋራው ሰው ፈለገ።

ተስፋሁን፦ እሺ፣ ገባችሁ። የሞተ ሰው አለመኖሩን ስታዩ ለምን አልወጣችሁም?

ደብሪቱ፦ ማን ቀድሞ ይነሳ? ገና ስወጣ ግሩፑ «ደብሪቱ ወጣች» ብሎ ለሁሉም ያወራብኛል። ለመሆኑ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ፣ ጥሪ አስተላላፊው «እግዜር ይስጥልን» ሳይል ተነስቶ የሚሄድ ሰው አይተው ያውቃሉ?

ገብረክርስቶስ፦ ጥሪ አስተላላፊው እኔ አይደለሁ?

ደብሪቱ፦ እርስዎ ነዎት እንጂ። እኛማ እርስዎን ስንጠብቅ ነው የከረምነው። እርስዎ ደግሞ በየቀኑ ሻማ ይጨምራሉ።

ገብረክርስቶስ፦ እኔም እኮ የምጠብቀው ሬሳው እስኪመጣ ነበር።

ተስፋሁን ወዲያው መፍትሔ አገኘ። ስብሰባው ላይ ተነስቶ ጽንፈኝነት ከስልክ ተነስቶ ምክር ቤት እስኪገባ ያለውን መንገድ በሦስት ክፍል ያስረዳል፤ የአውሮፓውን በመግቢያው፣ የድልድዩን በመሐሉ። ደብሪቱ እድርተኛው ከመግቢያው ሳያልፍ እንደሚያንቀላፋ ነገረችው። ሁለቱ በዚህ ሲከራከሩ ገብረክርስቶስ የራሱን ስልክ አውጥቶ በአንድ ጣቱ መጻፍ ጀምሯል። ማኪያቶው ቀዘቀዘ፤ እሱ ይጽፋል። ሲጨርስ እንደ ልማዱ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሁለቱም አሰማቸው።

ገብረክርስቶስ፦ «በአራዳ ዘበኛ ለቅሶ ላይ ለተቀመጣችሁ የእድራችን አባላት በሙሉ። የሞተ ሰው ባለመኖሩ ቀብር የለም። ጥሪው በስሕተት የተላለፈ ነው። ደክማችኋል፤ እግዜር ይስጥልን። ወደየቤታችሁ ግቡ። ከማዶ ያላችሁም አባላት እንደወትሮው በዘጠኝ ሰዓት በስብሰባው ላይ እንድትገኙ።» ይበቃል?

ደብሪቱ፦ ይላኩት።

[ወደ እድሩ ግሩፕ ይልከዋል፤ ራሱም ከአራዳ ዘበኛ ይወጣል። ከዚያ የተስፋሁን ስልክ ባንኮኒው ላይ ይንጫጫል።]

ተስፋሁን፦ ሙኒር ወጣ። ፍትዊ ወጣ። አጽብሐ «ድንኳኑ ይቅር በቃ» ብሎ ወጣ።

ደብሪቱ፦ እኔም ወጣሁ። እፎይ፤ ወገቤን አሞኝ ነበር።

ተስፋሁን፦ እትዬ ብርሃኔ «ለሁሉም ነፍሳቸውን ይማር» ብላ ወጣች።

ገብረክርስቶስ፦ እሷ እንዲህ ናት፤ ባዶ አፏን አትሄድም።

እድርተኛው ተከታትሎ ወጣ። አንድ ሰው እስኪነሳ ነበር የሚጠበቀው፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ጫማውን ለመፈለግ እንኳ አልቆየም። ተስፋሁን ስሞቹን እየጠራ ፊቱ እየበራ ሄደ፤ ገና ሳይጨርሱም ይህ ሁሉ ለወራት ያደረገው የግንዛቤ ማስጨበጫ ፍሬ መሆኑን ማስረዳት ጀመረ። መሐል ላይ ስልኩ ጠራ። ማን እንደሆነ ሲያይ ኮቱን አስተካከለ፤ ሁሉም ይስማ ብሎም ድምፁን ከፍ አደረገው።

እንድሪያስ፦ አቶ ተስፋሁን? እንድሪያስ ነኝ፤ እጩው።

ተስፋሁን፦ አወቅሁዎት። ስለ ድልድዩ አጀንዳ ከሆነ፣ እኔ በሦስት ክፍል የማቀርበው…

እንድሪያስ፦ አጀንዳው እንዲሰረዝ ለኮሚቴው አሁን ነግሬ መዝጋቴ ነው። ሕዝቡ ነቅሎ ሲወጣ አይቻለሁ፤ እኔ ደግሞ ሁልጊዜም ከሕዝቡ ጋር ነኝ። ዛሬ የምናገረው ጽንፈኝነትን ስለማውገዝ ነው።

[ገብረክርስቶስ ዓይኑን ይጨፍናል። ከንፈሩ «ተመስገን» ይላል።]

ተስፋሁን፦ ግሩም ሐሳብ ነው። እኔስ በምን ልርዳ?

እንድሪያስ፦ ፊተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጡልኝ። ለማውገዝ አንድ ጽንፈኛ ያስፈልጋል፤ ከአራዳ ሰው እዚያ ውስጥ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ተስፋሁን፦ እኔ እኮ የገባሁት ለመታዘብ ነው።

እንድሪያስ፦ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት። ከባለቤቶቹ ይልቅ ያሰራጩት እርስዎ ነዎት፤ አስቆጥሬዋለሁ። በዘጠኝ ሰዓት እንገናኝ።

[ይዘጋዋል። ተስፋሁን የተዘጋውን ስልክ እያየ ይቆማል።]

ተስፋሁን፦ ገብሬ፣ ንገራቸው እንጂ። እንደማልደግፍ አንተ ታውቃለህ።

ገብረክርስቶስ፦ እኔማ አውቃለሁ።

ተስፋሁን፦ [ስልኩን እያገላበጠ] ከዚህ ነገር የሚወጣው በየት በኩል ነው?

ደብሪቱ፦ አያውቁትም እንዴ ጋሼ?

ተስፋሁን፦ የማውቀው መግቢያውን ነው።

ገብረክርስቶስ፦ ስልኩን ኪስህ ክተተው። ተነስ፣ ማዶ ሄደን እትዬ ብርሃኔን ለስብሰባው እናምጣት። አውቶቡስ አለ ብዬ አስጠብቄያታለሁ። አንተ በአንድ ክንዷ ትይዛታለህ፣ እኔ በሌላው፤ ሰው ሁሉ እያየን በድልድዩ ላይ ቀስ እያልን እንመጣለን።

ተስፋሁን፦ ከግሩፑ መውጣቱስ?

ገብረክርስቶስ፦ አንተ ብቻ ተሻገር። ማዶ መዋልህን ሲሰሙ ራሳቸው ያስወጡሃል።